ዲሽ ገጣሚው ማይክሮዌቭ ሬዲዮን ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አዳማ ውስጥ ዲሽ በመግጠም ነው የምተዳደረው። አማተር ሬዲዮ የሚባለውን (ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ የሚገናኙበትን) በዩቲዩብ አይቼ ልቤ ተነሥቷል። በተለይ ማይክሮዌቭ ፍሪኩዌንሲ ላይ መሞከር እፈልጋለሁ። ግን ሀብታም ካልሆንክ አይነካም ይላሉ። እኔ ጋ ያለው ሁለት አሮጌ ዲሽ፣ ጥቂት ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት የሚገጠመው መቀበያ)፣ ሲግናል የምፈልግበት ፋይንደርና አንድ የተበላሸ ማይክሮዌቭ ምድጃ ነው። የምድጃውን ማግኔትሮን (ማይክሮዌቭ የሚያመነጨውን ክፍል) አውጥቼ ማሰራጫ ላድርገው? ፈቃድስ ያስፈልገኛል?»

መልስ፦ ከማግኔትሮኑ ልጀምር፣ ሌላው ይደርሳል። አትንካው! ዲሽ ስትገጥም የለመድከው 13 እና 18 ቮልት ነው፤ ጣትህን ቢያገኘው ምንም አይልህም። ምድጃው ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ግን 2,000 ቮልት አካባቢ ያወጣል። ሰው ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ሶኬቱን ነቅለኸው እንኳ ካፓሲተሩ ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በጥገና ሥራ የኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሕይወታቸውን ያጡበት ዕቃ ነው።

አደጋው ባይኖር እንኳ ለእኛ ሥራ አይሆንም። ማግኔትሮን በ2,450 ሜጋኸርዝ ይሠራል ይባላል እንጂ አንድ ቦታ አይቆምም። በሜጋኸርዝ ደረጃ ወዲያ ወዲህ ይዋልላል። የአማተር የድምፅ ግንኙነት ደግሞ ስፋቱ 2.7 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። የሠፈሩን ዋይፋይ ከመረበሽ በቀር የምታተርፈው የለም። ዓይንህንም አስብ። የዓይን ሌንስ ሙቀቱን የሚያወጣለት የደም ሥር ስለሌለው፣ ጠንካራ ማይክሮዌቭ ሞራ ሊያመጣበት ይችላል። ቆራሌው ሲመጣ ስጠውና ተገላገል።

«ሀብታም ካልሆንክ አይነካም» የሚለው ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። የተሟላ የ10 ጊጋኸርዝ ማሰራጫ ጣቢያ ልግዛ ካልክ፣ አዎ፣ ኪስ ያራቁታል። ለማዳመጥ ግን አንተ ከብዙ አማተር ቀድመሃል። እጅህ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ራሱ የ10 ጊጋኸርዝ መቀበያ ነው። ሲግናሉን ይቀበላል፣ ያጎላዋል፣ በውስጡ ካለው 9,750 ሜጋኸርዝ ጋር ቀላቅሎ ልዩነቱን በኬብሉ ወደ ታች ይልካል። ሪሲቨር ሜኑ ላይ 9750 እና 10600 እያልክ ስትሞላ የኖርከው ቁጥር ይኸው ነው። ድሮ አማተሮች ይህን የመሰለ መቀበያ በእጃቸው ለመሥራት ብዙ ይለፉ ነበር። የቴሌቪዥን ገበያው በገፍ ስላመረተው ዛሬ በርካሽ ይገኛል።

ከ1,000 ሜጋኸርዝ በላይ ለአማተሮች የተተዉ ቦታዎች ብዙ ናቸው። 1.2፣ 2.4፣ 5.7፣ 10፣ 24፣ 47 ጊጋኸርዝ እያለ ይቀጥላል። ሁሉንም ላስረዳህ ብል ግራ ነው የማጋባህ። አንተ ከ10 ጊጋኸርዝ ጀምር፤ ምክንያቱም ከራስህ በላይ የምታዳምጠው ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ኤስሀይል 2 የተባለች የኳታር ሳተላይት ከፍሎሪዳ በፋልኮን 9 ሮኬት ወጣች። ዋና ሥራዋ ቴሌቪዥን ነው። የኳታር አማተር ሬዲዮ ማኅበርና የጀርመኑ የአማተር ሳተላይት ማኅበር አምሳት ተባብረው ግን ለአማተሮች ብቻ የሚያገለግል ትራንስፖንደር (ሲግናል ተቀብሎ በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚልክ መሣሪያ) አስጫኑባት። በፌብሩዋሪ 2019 ተከፈተ፣ ስሙም ኳታር ኦስካር 100፣ ባጭሩ ኪውኦ 100 ተባለ። በጂኦስቴሽነሪ ምህዋር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው የአማተር ትራንስፖንደር ነው። ሌሎቹ የአማተር ሳተላይቶች አብዛኞቹ ዝቅ ብለው ስለሚዞሩ፣ አንቴና ይዘህ እያሳደድክ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያመልጡሃል። ይህቺ ግን ቆማ ነው የምትጠብቅህ። ሽፋኗ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ነው። ቴል አቪቭ፣ ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ዘመድህ ያገኛታል። ዋሽንግተን ያለው አያገኛትም፤ ለእሱ ከአድማሱ በታች ናት።

ያለችበት ቦታ 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ይህን ቁጥር አየኸው? የባድር ቴሌቪዥን ሳተላይቶች ያሉበት አረብሳት 26 ማለት እኮ ነው! በሥራ ዘመንህ ለባድር የገጠምካቸው ዲሾች በሙሉ፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ ወደ አማተር ሳተላይት ሲመለከቱ ነው የኖሩት። ሲግናሉ ኬብላቸው ውስጥ ይወርዳል፣ ሪሲቨሩ ግን ስለማያውቀው ዝም ይለዋል።

ከአዳማ አቅጣጫው ከሰሜን ተነሥቶ 238 ዲግሪ ግድም ነው፤ ደቡብ ምዕራብ ማለት ነው። ከፍታው 71 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዲሽህ አሁን ወደ ኢትዮሳት፣ ማለትም ወደ 57 ምሥራቅ የዞረ ከሆነ፣ የሚያየው ወደ 115 ዲግሪ በ67 ከፍታ ነው። ስለዚህ ከፍታው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ዋናው ሥራ ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ማዞሩ ነው። 90 ሳንቲሜትር ዲሽ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በግምት አትድከም። መጀመሪያ በፋይንደርህ የባድር 26 አንድ የታወቀ ቻናል አውጣ፣ ጥራቱን እስከ ጫፍ አድርስ፣ ከዚያ ብሎኑን አጥብቅ። ኪውኦ 100 እዚያው ውስጥ ናት።

የኤልኤንቢውን አንገት፣ ማለትም በመያዣው ውስጥ የሚዞርበትን ማዕዘን፣ አትርሳ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን፣ ሳተላይቷም ወደ ምዕራብ ስላዘነበለች፣ መዞሩ ትንሽ አይደለም። ከአዳማ ከ50 ዲግሪ ያልፋል። የአውሮፓ ሰው በቪዲዮ የሚያሳይህን ዝም ብለህ ከቀዳህ ሲግናሉ በጣም ይደክምብሃል። የምንፈልገው ቀጭኑ የድምፅ ትራንስፖንደር ቨርቲካል ነው፣ ማለትም 13 ቮልት፣ ያለ 22 ኪሎኸርዝ ቶን።

አሁን የምትገዛው ነገር መጣ። አርቲኤል ኤስዲአር የሚባል በዩኤስቢ የሚሰካ ዶንግል አለ። ጥሩው ከ30 እስከ 40 ዶላር ያወጣል። ከኮምፒውተር ጋር ሆኖ ከ24 እስከ 1,700 ሜጋኸርዝ ያለውን ማንኛውንም ሲግናል ያሳይሃል። ስሌቱ ቀላል ነው። ሳተላይቷ የምትልከው 10,489.75 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፣ ከዚህ 9,750 ስትቀንስ 739.75 ይቀርሃል። ዶንግልህን 739.75 ላይ ታደርጋለህ።

እዚህ ጋ ቀስ በል። ዶንግሉን ኤሌክትሪክ ባለው የሪሲቨር ኬብል ላይ በቀጥታ ከሰካኸው 13 ቮልቱ ሊያቃጥለው ይችላል። በሌላ በኩል ኤልኤንቢው ቮልት ካላገኘ አይሠራም። አንዳንድ ዶንግል ራሱ ቮልት ያወጣል፣ ግን 4.5 ቮልት ነው፤ ለአንተ ኤልኤንቢ አይበቃም። ብዙ ሰው እዚህ ተሸውዶ «ሳተላይቷ የለችም» ይላል። መፍትሔው መሣሪያ ሳጥንህ ውስጥ ሊኖር ይችላል፦ አንዱ ጎኑ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ስፕሊተር። ቮልት በሚያሳልፈው ጎን ሪሲቨሩን ሰካና ባድር ላይ ባለ የታችኛው ባንድ ቨርቲካል ቻናል ላይ ተወው። የኤልኤንቢው ምግብ ከዚያ ይመጣል። ሌላኛው ጎን ለዶንግሉ ነው። ግን ከመሰካትህ በፊት በመልቲሜትር ለካው። ዜሮ ካላየህ አትሰካ። ስፕሊተሩ ላይ 5-2400 ሜጋኸርዝ የሚል ጽሑፍ ፈልግ፤ 950-2400 የሚለው 739 ላይ ሲግናሉን ሊያደክመው ይችላል።

ይህ ሁሉ ከተሳካ ስክሪኑ ላይ የሚወርድ የቀለም ፏፏቴ ታያለህ። መሐል ላይ 10,489.750 አካባቢ አንድ ወፈር ያለ መስመር ሳይቋረጥ ይወርዳል። ይህ የሳተላይቷ ቢኮን (ሳይቋረጥ የሚላክ መለያ ሲግናል) ነው። ግራና ቀኝ ዳር ላይ ደግሞ በሞርስ የሚጮሁ ቀጫጭን ቢኮኖች አሉ። በመካከላቸው ብቅ ጥልቅ የሚሉት ሰዎች ናቸው። የፕሮግራሙን ሞድ የላይኛው ሳይድባንድ በሚለው የድምፅ ዓይነት ላይ አድርገህ አንዱን ስትነካው ጀርመኑ ከደቡብ አፍሪካው ጋር ሲያወራ ትሰማለህ። ብዙዎቹ የራሳቸውን ድምፅ መልሰው እያዳመጡ ነው የሚያወሩት። ሲግናሉ 36,000 ኪሎሜትር ወጥቶ ያንኑ ያህል ስለሚወርድ፣ ድምፃቸው ከሩብ ሰከንድ በኋላ ይመለስላቸዋል። ጀማሪ ሰው ይህን ሲሰማ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ደስ ይላል።

ዶንግሉን እስክታገኝ መጠበቅ የለብህም። እንግሊዝ አገር ኮርንዋል ውስጥ ጉንሂሊ የሚባል የሳተላይት ጣቢያ አለ። እዚያ የተተከለ የኪውኦ 100 መቀበያ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ነው። በስልክህ ብራውዘር ዛሬ ማታ ልታዳምጠው ትችላለህ። ቢኮኑ ምን እንደሚመስል ቀድመህ ብታውቅ የራስህን ስትፈልግ ይቀልሃል።

ቀጥሎ የሚያጋጥምህን ችግር ካሁኑ ልንገርህ። የሰማኸው ሰው ቀስ እያለ ድምፁ ይቀጥናል፣ ወይም ይጎረናል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሰውየው ምንም አልሆነም። የሸሸው ያንተ ኤልኤንቢ ነው።

የማይክሮዌቭ ዋናው ፈተና ይኸው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አዲሶቹ ፒኤልኤል የሚባሉት ኤልኤንቢዎች ውስጥ ፍሪኩዌንሲውን የሚወስን የ25 ሜጋኸርዝ ክሪስታል አለ። 25 በ390 ሲባዛ 9,750 ይመጣል። ስለዚህ ክሪስታሉ የሳተውም በ390 ይባዛል። በሙቀት ምክንያት 10 ኸርዝ ብቻ ቢዛነፍ፣ አንተ ጋ ሲደርስ 3.9 ኪሎኸርዝ ሆኗል። የድምፁ መስመር 2.7 ኪሎኸርዝ ነው ብዬሃለሁ፤ በቃ ሰውየው ከመስመሩ ወጣ። ለቴሌቪዥን ይህ ምንም አይደለም፣ ሪሲቨሩ ሰፊ ሲግናል ስለሚከተል አይታወቀውም። ለእኛ ግን ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍናትና ሲገልጣት እንኳ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ፒኤልኤል ያልሆኑት የድሮ ኤልኤንቢዎች ደግሞ ከዚህ በብዙ ይብሳሉ፤ መቶዎች ኪሎኸርዝ ቢያዛንፉህ አትደነቅ። ካሉህ ውስጥ ፒኤልኤል የሚል የተጻፈበትን ምረጥ።

መፍትሔው ደረጃ አለው። በነፃ የሚገኘው መጀመሪያ ማምሸት ነው። የአዳማ ቀትር ላይ ከምትታገል ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሞክረው፤ ኤልኤንቢው ከአየሩ ጋር ተላምዶ ይረጋል። ሁለተኛው ሶፍትዌር ነው። ኤስዲአር ኮንሶል የሚባለው ፕሮግራም የመሐሉን ቢኮን ይዞ፣ ኤልኤንቢህ ሲሸሽ አብሮት እየተንቀሳቀሰ ያስተካክልልሃል። ይህም በነፃ ነው። ሦስተኛው ኤልኤንቢውን ከፍቶ ክሪስታሉን ሙቀት በማይለውጠው ዓይነት መቀየር፣ ወይም በጂፒኤስ የሚስተካከል 25 ሜጋኸርዝ ከውጭ ማስገባት ነው። ብየዳው ደቃቅ ነው፤ እጅህ ላይ ካሉት የሚጣለውን አስቀድመህ ተለማመድበት። በዚህ ዓለም ዋት ማብዛት የመጨረሻው ነገር ነው። የት እንዳነጣጠርክና ፍሪኩዌንሲህ የት እንዳለ በትክክል የሚያውቅ ሰው በሁለት ዋት የሚሠራውን፣ የማያውቀው በመቶ ዋት አይሠራውም።

ሁለተኛውን ዲሽ ሥራ አታስፈታው። ኤልኤንቢ ገጥመህ ባዶ ሰማይ ላይ አድርገውና ዶንግሉ ላይ የሚታየውን የሹክሹክታ (የኖይዝ) መጠን ጻፍ። ከዚያ ወደ ግድግዳ አዙረው። ከፍ ይላል፤ ግድግዳው ሞቃት ስለሆነ ራሱ ማይክሮዌቭ ይረጫል። ከዚያ ፀሐይን ፈልጋት። ዲሹን ስታዞር ሹክሹክታው ድንገት ሲያድግ አገኘሃት ማለት ነው። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ አማተሮች የዲሻቸውን ብቃት የሚለኩት በዚሁ ነው። ጣሪያ ላይ የተረሳ ትልቁ የወንፊት ዲሽ ካገኘህ ደግሞ ሌላ ዓለም ይከፈትልሃል። 1,420.4 ሜጋኸርዝ ላይ ከጋላክሲያችን የሚመጣው የሃይድሮጂን ሲግናል አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 ሃርቫርድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዝ ትልቅ ግኝት ነበር። ዛሬ በአንድ ማጉያ፣ በአንድ ፊልተርና በዚያው ዶንግል ይያዛል። ይህን ሌላ ቀን ብትጠይቀኝ በሰፊው እነግርሃለሁ።

ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ለማሰራጨት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ግድ ነው፣ ድርድር የለውም። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት ኢቲ ብሎ ይጀምራል። የአየር ሞገዱን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ኢቲ 3 ኤኤ የሚባለው የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ክለብ ጣቢያ አለ። አዳማ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለችም። ሄደህ ከሰዎቹ ጋር ተዋወቅ፤ አሁን በሥራ ላይ ያለውን አካሄድ ከእነሱና ከባለሥልጣኑ በቀጥታ መስማት እኔ ከምነግርህ ይሻላል። ከውጭ ዕቃ ከማዘዝህም በፊት ጠይቅ። ጉምሩክ ላይ አንቴና ያለው ነገር ሁሉ ጥያቄ ያስነሣል። «2.4 ጊጋኸርዝ እኮ የዋይፋይ ነው፣ ነፃ ነው» የሚልህ ሰው ካለ አትስማው። ለቤት ራውተር የተፈቀደ ሌላ፣ ዲሽ አስተካክሎ ወደ ሳተላይት መላክ ሌላ።

ፈቃዱ እጅህ ሲገባ የምትልከው ከ2,400 ሜጋኸርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከዋይፋይ ቻናል 1 ልክ ሥር ነው። ሳተላይቷን ያቀዱት ሰዎች ለድምፅ ያሰቡት 75 ሳንቲሜትር ዲሽና 5 ዋት ነው። በትልቅ ዲሽ ከዚያም ባነሰ ይሠራል። ግን ማጉያውን ከዲሹ ሥር አስቀምጠው። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በዚህ ፍሪኩዌንሲ 10 ሜትር ላይ ጉልበትህን በልቶ አንድ አሥረኛውን ብቻ ነው የሚያስተርፍልህ። ለመላክም ለመቀበልም አንድ ዲሽ ይበቃል። አማተሮች በ22 ሚሊሜትር የመዳብ የውሃ ቱቦ የሚሠሩት ፊድ (ዲሹ ፊት የሚቆም አንቴና) አለ። የ2.4 ጊጋኸርዙ አንቴና በቱቦው ዙሪያ ይቀመጣል፣ የ10 ጊጋኸርዙ ሲግናል በቱቦው ውስጥ አልፎ ኋላ ያለው ኤልኤንቢ ይገባል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፦ ሳተላይቷ የምትፈልገው ወደ ቀኝ የሚሽከረከር ሞገድ ነው፣ ዲሹ ደግሞ ሲያንጸባርቀው አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። ስለዚህ ፊዱ ወደ ግራ የሚያሽከረክር መሆን አለበት። በምትልክበት ጊዜ ደግሞ ማንም ሰው ከዲሹ ፊት እንዳይቆም።

ጉልበት አብዝተህ ከቢኮኑ ከበለጥክ ሌይላ ትነሣብሃለች። ሌይላ የትራንስፖንደሩ ዘበኛ ናት። ሲግናልህ ላይ እንደ ሳይረን የሚጮህ ድምፅ ትለጥፋለች፣ ሁሉም ይሰማዋል። ሕጉ ትክክል ነው። ትራንስፖንደሩ ያለው ጉልበት ለሁሉም የሚካፈል ስለሆነ፣ ከልክ በላይ የሚልክ ሰው ዕድር ስብሰባ ላይ ሜጋፎን ይዞ እንደመጣ ጎረቤት ነው።

ከተራራ ተራራ መገናኘትም አለ። አማተሮች 10,368 ሜጋኸርዝ ላይ እንደ እንጦጦና የረር ካሉ ከፍታዎች እየተያዩ ያወራሉ። በክረምት ደግሞ ከባድ ዝናብ ያዘለ ደመና ራሱ ሲግናሉን ስለሚበትነው፣ የማይተያዩ ሰዎች ይሰማማሉ፤ ድምፁ ብቻ ሻካራ ይሆናል። ግን ለዚህ ሌላ ባለ ፈቃድ ጓደኛና በእጅ የተሠራ ማሰራጫ ይጠይቃል፣ ለጊዜው ቆየት ይበል። ተራራ ላይ ዲሽ ተሸክመህ ስትወጣ ደግሞ ፈቃድህን በኪስህ ያዝ፤ «ምን እየሠራህ ነው?» የሚልህ አይጠፋም።

ለጊዜው ዶንግሉን አግኝ፣ ስፕሊተሩን በመልቲሜትር ለካ፣ ባድርን አውጣ። የመሐሉ ቢኮን ሲታይህ የስክሪኑን ፎቶና ኤልኤንቢህ ላይ የተጻፈውን ሞዴል ላክልኝ። ክሪስታሉ የሚቀየር ዓይነት መሆን አለመሆኑን ከዚያ እናያለን።